ለአባዬ ያልነገርነው ፓምፕ

ወንድሜ ሜካኒክ ነው፤ እኔ ደግሞ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። እሱ ቀስ ብሎ ያስባል፣ እኔ ቶሎ እናደዳለሁ፤ ስለዚህ ጋራዡ ውስጥ «ፊውዝ» ነው የሚሉኝ። ስሙን ያወጣልኝን ሰው ባውቀው ኖሮ የእጁን ያገኝ ነበር።

አባዬ ሾፌር ነበር። ዕድሜውን በሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ ለራሱ የተረፈችው አንዲት አሮጌ መኪና ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እንደ ታላቅ እህት እየቀናሁባት ነው ያደግሁት። ባለፈው ዓመት ሞተሯ ነክሶ አልዞር አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ ከቤት መውጣት ተወ። ጋዜጣ ይዞ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፣ ገጹን ግን አይገልጥም። እማዬ ስምንት ወር ታገሠችና አንድ ቀን ጋራዥ ድረስ መጣች።

«ወይ ያቺን መኪና አስነሱልኝ፣ ወይ አባታችሁን ወስዳችሁ እዚህ አስቀምጡት» አለች። «ቁጭ ብሎ ሲያረጅ ማየት አንገሽግሾኛል። ይህ ሰው ዘንድሮ ካልነዳ መቼም አይነዳም።»

ወንድሜ ሌላ ሞተር ፈልጎ አገኘና ገጠመላት። ሁሉም ነገር ልክ ልኩን ገባ፤ የቀረው የቤንዚኑ ፓምፕ ነው። የድሮው ፓምፕ ሞተሩ ጎን ላይ ተቀምጦ፣ ሞተሩ ሲዞር አብሮ የሚሠራ ነበር። በአዲሱ ሞተር ላይ ግን ለእሱ የሚሆን ቦታ ጭራሽ የለም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ማስገባት የግድ ሆነ። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ አባዬ «ኤሌክትሪክና ቤንዚን እሳትና ጭድ ናቸው፣ በእኔ መኪና ውስጥ አብረው አያድሩም» ብሎ ድሮ ምሏል።

«እንንገረው» አልኩ።

«ከነገርነው አይነካትም» አለ ወንድሜ። «መጀመሪያ ይንዳት፣ ከዚያ እንነግረዋለን።»

«ካወቀስ?»

«ማን ይነግረዋል? አንቺ ካልፈነዳሽ።»

ፓምፑ የሚታሰርበት ቦታ ላይም ተጣላን። እሱ እንደ ድሮው ሞተሩ አጠገብ ይሁን አለ። «ይሄ ፓምፕ ሲገፋ ጀግና ነው፣ ሲስብ ሰነፍ ነው፤ ከቤንዚን ማጠራቀሚያው አጠገብ ካልሆነ ገና ዳገቱ ላይ ይለግማል» ብዬ ጮህኩበት። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ዝቅ አድርጌ፣ ንዝረቱን በሚያበርድ ጎማ ላይ አሰርኩት። ቁልፍ ሲከፈት ለጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ቤንዚን ይሞላል፤ ሞተሩ ካልተነሳ ወይም ድንገት ከቆመ በራሱ ይጠፋል። የአባዬ ፍርሃት ከንቱ ስላልሆነ ነው ይህን የጨመርኩት። ሽቦውን ምንጣፍ ሥር ደበቅሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ጋራዡ አወቀ፣ እማዬ አወቀች፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው እንኳን አወቀ፤ ያልሰማው አባዬ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ግቢ አስገባናት። አባዬ ጫማውን ወልውሎ ወረደ። ሞተሩን ሳስነሳው ከፊት ለፊት ቆሞ ኮፈኑን በመዳፉ ዳበሰ። ከዚያ አጠፋሁትና ቦታውን ለቀቅሁለት። ገባ፣ ወንበሩን አስተካከለ፣ መስተዋቱን አየ፣ ቁልፉን ከፈተ፤ ወዲያው ዘጋው።

«አልነሳም አለች» አለ።

እኔ ገባሁ፤ በአንድ ጊዜ ተነሳች። እሱ ገባ፤ ከፈተ፣ ዘጋ። «አልነሳም አለች።» የባትሪውን ገመድ አጠበቅሁ፣ ፊውዙን ቀየርኩ፣ ምንም። ወንድሜ የሞተሩን ካንዴላዎች ፈታትቶ መልሶ አሰራቸው። እኔ ሳስነሳት ትነሳለች፣ ወንድሜ ሲያስነሳት ትነሳለች፣ ከአባዬ ጋር ግን ጠብ ያላት ይመስል ዝም። ደሜ ፈላ። የሠራሁት ነገር ሲያሾፍብኝ አልወድም።

በአራተኛው ሙከራ አባዬ ወጣና ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠው። «በቃ፣ ሽጧት። እኔን አልፈለገችም።»

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ድምፁ ለስለስ ብሎ ሲወጣ እኔ ፈራሁ። ወደ በረንዳው መራመድ ጀመረ።

«ተመለስ!» አልኩት። አባትን እንዲህ አይጠሩም፤ ግን ወጣ። «አጠገብህ ተቀምጬ እጅህን ካላየሁ የትም አትሄድም!»

ከእማዬ ቀጥሎ የሚፈራው እኔን ስለሆነ ተመልሶ ገባ። በሮቹን ዘጋን። ቁልፉን ከፈተ። ከኋላችን ፓምፑ እዝዝዝ አለ። የአባዬ እጅ ወዲያው ቁልፉን ዘጋው፤ ሌላኛው እጁ ጆሮው ላይ ነበር።

«ለምን ዘጋኸው?»

መስተዋቱን ማስተካከል ጀመረ።

«አባዬ!»

«ጆሮዬ ነው» አለ፣ መሪውን እያየ። «ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር። ጆሮህ እየደከመ ነው፣ ለጊዜው ንዳ፣ እዝዝ ማለት ከጀመረህ ግን መሪ እንዳትጨብጥ አለኝ። ለእናትሽ አልነገርኳትም። ይኸው ዛሬ ጀመረኝ፤ ያውም እዚህ ቦታዬ ላይ ስቀመጥ። ሰው ብገጭስ ልጄ?»

ክው አልኩ። ያን ሁሉ ሽቦ በጥንቃቄ ስደብቅ፣ ለአባቴ እርጅናን ከወንበሩ ሥር እያሰርኩለት ነበር።

«እኔም ይሰማኛል» አልኩት።

«ልታጽናኚኝ ነው።»

«ዓይኔን ግንባር ያርገው! ፓምፕ ነው አባዬ። የኤሌክትሪክ ፓምፕ። ኋላ ወንበር ሥር እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

መብረቁን እየጠበቅሁ አንገቴን ቀበርኩ። አባዬ ግን ቁልፉን ከፈተ። እዝዝዝ። ዘጋው። ዝም። ከፈተው። እዝዝዝ። እጁን ከጆሮው ላይ አወረደ።

«ጆሮ ቢሆን ቁልፍ የለውም» አለ። ዓይኖቹ እንባ ሞልተው ነበር፤ የእኔም እንደዚያው። ቀጥሎ መስኮቱን አውርዶ እማዬን ጠራት። «ነይ እስቲ! ምን ይሰማሻል?»

«ፓምፑ ነዋ!» አለች እማዬ፣ ቶሎም አፏን ያዘች። ወንድሜም ተጠርቶ መጣ፤ መሬት መሬቱን እያየ «ይሰማኛል» አለ። ልብስ ሰፊው ሳይጠራ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «እኔም!» አለ።

«ስለዚህ አገር ሁሉ ያውቃል» አለ አባዬ። ሞተሩን አስነሳ። አጎንብሶ በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈተና «ውረጂ፤ ውሸታም አልጭንም» አለኝ።

ወረድኩ። በሩ ላይ ቆመን አየነው። መንደሩን አንድ ዙር ዞረ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ባለፈ ቁጥር ወደ እኛ ሳያይ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ነው። አራተኛው ዙር ላይ እማዬ ፊት አቆመና የፊቱን በር ከፈተላት። ነጠላዋን እንኳን ሳታስተካክል ገባች።

«እሷም ዋሽታሃለች እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

አባዬ መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ በመስኮቱ ወጣ አለ። «ምን አልሽ? አይሰማኝም!» አለና ማርሽ አስገባ።