ሩብ ፓውንድ

ልጄ ብሪን የትምህርት ቤቱ የትግል ስፖርት ቡድን ውስጥ ገባሁ ያለችኝ ዕለት እራት ላይ ነበርን። ሹካዬን አስቀምጬ ተነሣሁና ያለ ምክንያት የጓሮውን በር ከፍቼ ዘጋሁት።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ምንም። ነፋስ መስሎኝ ነው።»

«አልወደድከውም?»

«ወድጄዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ያንቆራጥጥሃል?»

ባለቤቴ ካርላ ሳቀች። «አባትሽ መቼ አርፎ ተቀምጦ ያውቃል? በሠርጋችን ዕለት እንኳ ፓስተሩ፣ ‹ልጄ፣ ሽንትህ መጥቶ ነው ወይ?› ብሎ በጆሮው ጠይቆታል።»

እውነቷን ነው። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ በገበሬዎች ማኅበር የእህል ጎተራ የጭነት መኪና እመዝናለሁ። ወንበር አለኝ፤ የምውለው ግን መስኮቱ ሥር ቆሜ ነው። ገበሬዎቹ በቆሎ ጭነው ሲመጡ፣ «ሆግሩድ፣ ዛሬ ደግሞ ስንት ልትሰርቀኝ ነው?» ይሉኛል። ቀልድ ነው፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገር ግን ሚዛን ይዋሻል የሚል ቀልድ በሰማሁ ቁጥር ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አያለሁ። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለካርላም ቢሆን።

«ደስ የሚለው ደግሞ» አለች ብሪን፣ «ሽማግሌው አሠልጣኝ፣ ኮች ኦስተርሃውት፣ በፈቃዱ እየመጣ ሊረዳን ነው። አንተን ያስታውስሃል። ‹የዳረል ልጅ ነሽ? አባትሽን እኮ ሚዛን ነው የበላው› አለኝ።»

ያን ዕለት እራቴን አልጨረስኩም።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በሰሜን አዮዋ፣ በኛ ከተማ፣ በረዶ ከጣለ በኋላ ከትግል ሌላ ወሬ የለም። የኔ ተፈጥሯዊ ክብደት መቶ ሃያ ስድስት ፓውንድ ነበር። በየክብደቱ ከቡድኑ የሚሰለፈው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ በዚያ ክብደት ደግሞ ማርሊን ሼድ ነበረ፤ የልብ ጓደኛዬ፣ ዕለት ዕለት አብሬው የምለማመደው ልጅ። ለቦታው ስንት ጊዜ ገጠምኩት፤ በገጠምኩት ቁጥር ጀርባዬን ምንጣፍ አስነካኝ። በመጨረሻ ኮች ጠራኝና፣ «ወይ መቶ አሥራ ሁለት ትወርዳለህ፣ ወይ ወንበር ታሞቃለህ፤ ምረጥ» አለኝ።

እወርዳለሁ አልኩ። አሥራ አራት ፓውንድ፣ ስድስት ኪሎ ግድም፣ ከየትኛው ሥጋዬ ላይ እንደሚነሣ አላሰብኩም። እንዲያልበኝ የላስቲክ ልብስ ለብሼ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስወጣ ስወርድ ከረምኩ። ክፍል ውስጥ ኩባያ ይዤ ምራቄን እተፋለሁ። እራቴ ግማሽ እንቁላልና የሰላጣ ቅጠል ነው። እናቴ ሳህኔን እያየች ታለቅሳለች፤ አባቴ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ይሸፍናል። ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ። ስቀመጥ ረሃቡ ያስነሣኛል፣ ስነሣ ራሴን ያዞረኛል። መንቆራጠጥ የጀመርኩት ያኔ ነው። ቢሆንም በየሳምንቱ ሚዛኑን አልፍ ነበር፤ አሸንፍም ነበር።

የወረዳው ውድድር ዋዜማ ኮች ራሱ መዘነኝ። ግማሽ ፓውንድ እበልጣለሁ። «ምንም አይደል» አለኝ፣ «ተኝተህ ስትተነፍሰው ያልቃል። ብቻ በአፍህ ምንም እንዳይዞር።»

ጎህ ሲቀድ ጫማዬን ላመጣ ምድር ቤት ወረድኩ። ልብላ ብዬ አልወረድኩም፤ ይህን ዛሬም እምላለሁ። ጫማዬ እንዲደርቅ ማሞቂያው አጠገብ ተሰጥቷል፤ ከበላዩ እናቴ በበጋ በስኳር ሽሮፕ ያሸገችው የኮክ ፍሬ በጠርሙስ በጠርሙስ ተደርድሯል። መጀመሪያ ክዳኑን ብቻ ከፈትኩ። ከዚያ ሽሮፑን ቀመስኩ። ከዚያ ቆሜ፣ በጣቴ እያወጣሁ፣ ጠርሙሱን ባዶ አደረግኩት። ባዶውን ጠርሙስ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ ኋላ ደብቄ አፌን አጠብኩ።

ውድድሩ በጎረቤት ከተማ ነበር። የሚዛኑ ዳኛ ሚስተር ዱቤክ የሚባሉ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ለዚያ ሥራ እንኳ ክራባት አስረው የሚመጡ ሰው። ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አዩት። «ግማሽ ፓውንድ ትበልጣለህ፣ ልጄ። ሃያ ደቂቃ አለህ።» ገመድ ዘለልኩ፣ ምራቄን ተፋሁ፣ ማርሊን ጀርባዬን በፎጣ እየፈተገ፣ «አይዞህ፣ አይዞህ» አለኝ። ተመልሼ ስወጣ ሩብ ፓውንድ ቀርቷል። ሰዓቱ አለቀ።

ኮች ማጅራቴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «ዓይኔን እየኝ። በአፍህ የገባ ነገር አለ?»

«የለም፣ ኮች።»

«ውሃስ?»

«ጠብታ አልቀመስኩም።»

አመነኝ። እኛን ዋሽቶን የማያውቅ ሰው ነበር፤ ይዋሹኛል ብሎም አያስብም። ወደ ዱቤክ ዞሮ፣ «ሚዛንዎ ተበላሽቷል!» አላቸው።

«ሰኞ ዕለት ተፈትሿል፣ ኮች።»

«እንግዲያው የተበላሹት እርስዎ ነዎት! በመቶ አሥራ ሁለት የራሳችሁ ከተማ ልጅ የለም? እሱ እንዲያልፍ ነው! ሌባ!»

የስምንት ትምህርት ቤት ልጆች በውስጥ ሱሪ ተሰልፈን ሰማን። ሚስተር ዱቤክ ፊታቸው ወረቀት መሰለ፤ ክራባታቸውን ነካ አደረጉ። ኮች የዳኛውን ጠረጴዛ በእርግጫ ገለበጠው። ከአዳራሹ አስወጡት። ከሰዓት በኋላ ማርሊን ግማሽ ፍጻሜውን ሲጫወት ምንጣፉ ጥግ ቆሞ የመከረው ገና ከኮሌጅ የወጣ ረዳት ብቻ ነበር፤ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። ኮች አንድ ዓመት ታገደ። ከተማው በሙሉ ከኮች ጋር አበረ። ሚስተር ዱቤክ በኛ በኩል ባለፉ ቁጥር፣ «ሚዛንዎን ይዘው መጡ?» የሚላቸው አይጠፋም ነበር። እኔንማ አዘኑልኝ። ቡና ቤት ስገባ ኬክ ይጋብዙኛል፤ እኔም ተጋብዤ በላሁ።

አሁን እንግዲህ ብሪንን ከልምምድ ልወስድ ስሄድ በሩ ላይ እቆማለሁ። ኮች ሰባ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ሁለቱም ጉልበቶቹ በብረት ተተክተዋል፤ ድምፁ ግን የድሮው ነው። «ሆግሩድ! ግባ እንጂ፤ በሩን ደግፈኸው ነው?» ይለኛል። ከዚያ ለልጃገረዶቹ፣ «ይኸን ሰውዬ አያችሁት? ዋንጫውን የቀማው ሌባ ሚዛን ነው» ብሎ ታሪኩን ይጀምራል። አንድ ጊዜ ሰማሁት። ሁለት ጊዜ ሰማሁት። በሦስተኛው፣ «ሌባ» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ፣ እግሬ ሳያስፈቅደኝ ምንጣፉ ላይ ወጣሁ።

«ኮች፣ በልቼ ነበር።»

«ምን አልክ?»

«ያን ዕለት ጠዋት በልቼ ነበር።»

ብሪን አፏን ከፍታ አየችኝ። ኮች ልጆቹን፣ «ገመድ ዝለሉ» አላቸውና እኔን እየመራ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

«ምን በላህ?»

«ኮክ። እናቴ ያሸገችውን።»

«ስንት?»

«አንድ ጠርሙስ።»

ግድግዳውን ተደገፈ። «እኔ ያንን ሰው ሌባ ብዬዋለሁ» አለ፤ ለኔ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። «በልጆች ፊት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በየቡና ቤቱ ሌባ እያልኩት ኖሬያለሁ።» ከዚያ ጥሎኝ ገባ።

መኪና ውስጥ ብሪን ቀበቶዋን እያሰረች፣ «ያኔ ለምን አልተናገርክም?» አለችኝ።

«አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።»

«እሺ፣ ከዚያ በኋላስ?»

መኪናውን አስነሣሁ።

ዐሥር ቀን ኮች ሰላምታዬን አልመለሰም። እህል ስመዝን ቁጥር ተሳሳትኩ፤ ነገሩን የነገርኳት ካርላ፣ ወለሉን ጨረስኩብሽ እስክላት ድረስ ስመላለስ ታየኝ ነበር። በዐሥራ አንደኛው ቀን ስልክ ተደወለ። «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ መኪናህን ይዘህ ና» አለ ኮች። «ዱቤክ በሕይወት አሉ።»

በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። መሪውን በጣቴ ስደበድብ፣ «ተው» አለኝ።

ሚስተር ዱቤክ በአረጋውያን መኖሪያ መስኮት ዳር ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ክራባት አስረዋል። ኮች ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሚስተር ዱቤክ፣ ኦስተርሃውት እባላለሁ።»

«ድምፅህን አልረሳሁትም» አሉ።

«ሌባ ብዬዎት ነበር። ሌባ አልነበሩም። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።» ከዚያ በአገጩ ወደኔ አመለከተ። «የበላው ይሄ ነው።»

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «መቶ አሥራ ሁለት ከሩብ» አሉ።

«አዎ፣ ጌታዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ከዚያ ሳምንት በኋላ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሚዛን የሚፈተሽበት የሃምሳ ፓውንድ ብረት ገዛሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በመኪናዬ ኋላ ይዤው ዞርኩ። በየውድድሩ፣ ልጆቹ ሳይመጡ፣ ሚዛኑ ላይ እጭነው ነበር። ወገቤን የሰበረው እሱ ነው። አድርግ ያለኝ ሰው የለም። እኔው ራሴን ተጠራጥሬ ነው፤ ምናልባት ያን ዕለት ተሳስቼ የልጅ ዕድል አበላሽቼ ይሆን እያልኩ።»

የምቆምበት ጠፋኝ። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ለምን ዛሬ?»

«ልጄ ትግል ጀመረች። ኮች ታሪኩን ሲነግራት መስማት አቃተኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሚስቴ ብትሰማው ጥሩ ነበር። ባለፈው የካቲት ነው የሞተችው።» ከዚያ፣ «ልጅህ ክብደት ትቀንሳለች?» አሉኝ።

«አትቀንስም። በራሷ ክብደት ነው የምትጫወተው።»

«ጥሩ» አሉ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። ስንወጣ የኮችን እጅ ጨበጡ፤ ለኔ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁልኝ።

ኮች ከመኪናው ሲወርድ፣ «ለማርሊን አንተው ደውል። ለሱ እኔ አብሬህ አልሄድም» አለኝ።

ሰኞ ደወልኩ። ማርሊን ኦማሃ ነው የሚኖረው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለገና እንጻጻፋለን። ሁሉንም ነገርኩት። ስልኩን ዘጋብኝ። ረቡዕ መልሶ ደወለ።

«ቢያንስ ይጣፍጥ ነበር?»

«በሕይወቴ እንደሱ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም።»

«አንተ ውሻ!» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ኦስተርሃውት ጥጌ ላይ ቢኖር አሸንፍ ነበር እያልኩ ነው ያረጀሁት፤ ታውቃለህ? ያን ሚዛን ስረግመው ነበር። አሁን ማንን ልርገም?»

«እኔን።»

«እሱንማ ከሰኞ ጀምሮ ይዤዋለሁ» አለኝ። ቅዳሜ የብሪንን ውድድር ለማየት እንደሚመጣ ነገረኝ፤ እኔን ብሎ እንዳልሆነም ጨመረልኝ።

መጣም። ሸብቷል፤ ሆዱ ወጥቷል። ከኮች አጠገብ ተቀምጦ ሁለቱ ሲያወሩ ዋሉ። እኔ ከታች፣ ምንጣፉ ዳር፣ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ስወጣ ስወርድ፣ ማርሊን ከላይ ሆኖ፣ «ሆግሩድ፣ ከፊታችን ዞር በል፤ ልጅቷን ጋረድካት!» ብሎ ጮኸብኝ። ዞር አልኩላቸው።