እርጥብ ጥድ

የጠቅላይ ግዛቱን ጽሕፈት ቤት በሮች የገጠመው አናጺ ገብረወልድ፣ ለራሱ የጀመረው ቤት ግድግዳውና ክዳኑ ካለቀ በኋላ ወለሉን እየጠበቀ ቆመ። ለወለሉ ያሰበው የጥድ ሳንቃ ገና አልደረቀም ነበር።

ሚስቱ የሺሃረግ ከተጋቡ ጀምሮ የኖረችው በኪራይ ቤት ነው። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ባለቤቶች እንዳይታወኩ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መናገር ልማድ ሆኖባታል። ደረቷን ከታመመች ወዲህ ደግሞ የጎባ ብርድ ከአፈሩ ወለል እየተነሣ አጥንቷ ድረስ ይዘልቃል።

«ሳንቃውን ምታውና እንግባ፤» አለችው።

«እርጥብ ጥድ ሲደርቅ ይኮማተራል። በየመካከሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል።»

«ይተዋ። የምንኖርበት እኛ ነን ወይስ ስምህ?»

ሳቀና ሳንቃውን ሊያይ ወጣ።

ጥዱን በመጋዝ የሰነጠቀለት ባዳሳም፣ በየመካከሉ ጭራሮ እየገባ የተደረደረውን ሳንቃ አይቶ ቀለደበት።

«ኦቦ ገብረወልድ፣ እንጨቱን እንደ ሙሽራ ጥላ ውስጥ አኑረህ ሚስትህን አፈር ላይ ታስተኛለህ?»

«ክረምቱ ይውጣ፤» አለ ገብረወልድ፣ ቀና ሳይል።

ክረምቱ ወጣ። ጉሙ ግን እንጨቱን አላደርቅ አለ፤ የሺሃረግም ከሳምንት ወደ ሳምንት እየመነመነች ሄዳ፣ በመጨረሻ ትኩሳቱ ሐሳቧን ያምታታባት ጀመር። ገብረወልድ ይህን ሲያይ ባዳሳን አስጠራ። ዕድሜውን ሙሉ ሌሎችን የገሠጸበትን ሥራ በገዛ እጁ ሠራ፤ ምስማሩ በገባ ቁጥር ከእንጨቱ ውሃ ይወጣ ነበር።

ወለሉ እንዳለቀ የሺሃረግን ሁለቱ ከነአልጋዋ ተሸክመው አስገቧት። ባዳሳ ተሰናብቶ ወጣ። ገብረወልድ ውሃ ሊያመጣላት ሲራመድ አዲሱ ሳንቃ ከጫማው ሥር ጮኸ፤ እሷም ዐይኗን ገለጠች።

«የማን ቤት ነው?»

«ያንቺ ነው፣ የሺ።»

አላስፈላጊ ውሸት ለሚዋሽ ሰው እንደምታዝን ሁሉ ዐየችው።

«ቀስ ብለህ እርገጥ፤» አለች በሹክሹክታ። «ባለቤቶቹ ይሰሙናል።»

ሊያስረዳት ፈለገ። ፊቷ ላይ ያለውን ፍርሃት ሲያይ ግን ተወው። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀና፣ በገዛ ቤቱ ሳንቃ ላይ በባዶ እግሩ፣ እንደ ተከራይ ቀስ እያለ ወደ አልጋዋ ሄደ።