ከካባግ ዋሻ የወጡት

ኔሊዳ ከኩዌት ለልጇ ያመጣችው የዋና ልብስ ጠበበ። አይሳ እስከ ጉልበቷ አድርሳ ስትታገል ቆየችና አውልቃ ለእናቷ መለሰችላት፤ በአሮጌ ቁምጣዋ ወደ ጀልባው ሮጠች። ኔሊዳ ልብሱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በስልክ ስታያት ልጅቱ ሁልጊዜ ትንሽ ትመስላት ነበር።

ይህ የእረፍት ጉዞ የኔሊዳ ሐሳብ ነው። ለሰው ቤት ሥራ ኩዌት የሄደችው አይሳን ጡት አስጥላ ነበር፤ አሁን ልጅቱ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። በመሃል ለአጭር ፈቃድ እየመጣች፣ ልጆቹ ሊለምዷት ሲሉ እየተመለሰች ዓመታቱ አለፉ። በዚህኛው ግን ቤት ቁጭ ብሎ በጎረቤት ከመከበብ ራቅ ብለን እንሂድ አለች። ከሚኖሩበት ከተማ ከኢሎኢሎ በመርከብ ተሻግረው ፓላዋን የተባለው ደሴት ገቡ። ባሏ አርኔል፣ ትልቁ ልጇ ዴክስተር፣ አይሳ፣ እና የአርኔል ታላቅ እህት ሶሌዳድ። ሶሌዳድን ቅሪ ማለት አይቻልም፤ ልጆቹን ያሳደገችው እሷ ናት። አይሳ «እማዬ» የምትለው እሷን ነው። ኔሊዳን «ማሚ» ትላታለች፣ የአስተማሪ ስም እንደሚጠራ አድርጋ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና ነበሩ። ከደሴት ደሴት ዞሩ፣ ዓሣ እያስጠበሱ በእጃቸው በሩዝ በሉ። አርኔል ወደብ ላይ ክሬን ሲነዳ የሚውል፣ ቦርጫም፣ ሳቅ የሚወድ ሰው ነው። ከጀልባው ጫፍ ዘሎ ሲገባ ውሃው ሁሉንም አራሳቸው።

«ለባህር ኃይል ደውሉ!» አለ ዴክስተር። «ዓሣ ነባሪ ገብቷል በሏቸው!»

«አንተን ከመዋጤ በፊት ዝም በል!» አለ አባቱ ውሃ እየተፋ።

ኔሊዳ እስክታነባ ሳቀች። እንዲህ የሳቀችበትን ጊዜ አታስታውስም።

ከሰዓት በኋላ አይሳ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ስትንቦጫረቅ የባህር ጃርት የሚባለውን እሾሃም ፍጥረት ረገጠች። ጩኸቷን ሲሰሙ ኔሊዳ ከሁሉም ቀድማ ደረሰችና እጇን ዘረጋች። ልጅቱ በአንድ እግሯ እያነከሰች፣ በተዘረጋው እጅ ሥር አልፋ፣ አሸዋው ላይ ሶሌዳድ ጉያ ገብታ ወደቀች።

«ነይ እስቲ የኔ ጉድ» አለች ሶሌዳድ። «ባህሩ ሰፊ ነው፣ አንቺ ጃርቱን መርጠሽ ነው የምትረግጪው?» ኮምጣጤ አስመጥታ አፈሰሰችበት፣ እሾሁንም በጥፍሯ አንድ በአንድ ነቀለችው። አይሳ እያለቀሰች ሳቀች። ኔሊዳ የኮምጣጤውን ጠርሙስ ይዛ ቆመች።

በማግስቱ ጠዋት ሌሎቹ ቁርስ ሲበሉ ሁለቱ ሴቶች የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ እያሰጡ ነበር። ኔሊዳ ነገሩን በልቧ ስታብላላው ነው ያደረችው።

«እትዬ ሶሌ፣ ውሌ በዓመት መጨረሻ ያልቃል። ከዚያ በኋላ አልሄድም።»

«እሰይ! መጨረሻሽን ያሳምረው።»

«እና... አንቺም የራስሽን ኑሮ ብትኖሪ ጥሩ ነው። እናትሽ ጋ፣ እማማ ኮንሲንግ ቤት፣ ክፍሉ ባዶ ነው።»

ሶሌዳድ በእጇ የያዘችውን የአይሳን ሸሚዝ ረገፍ ረገፍ አደረገች። «የራሴ ኑሮ» አለች። «ወንድሜ ‹ነይ ልጆቹን ያዢልን› ሲለኝ ለጋብቻ የጠየቀኝን ሰውዬ እምቢ ብዬ ነው የመጣሁት። የትኛውን ኑሮዬን ነው የምትመልሺልኝ?»

«አላባርርሽም እኮ! ግን አንቺ እዚያ ቤት እስካለሽ ድረስ ልጄ እኔን አታየኝም።»

«እኔ ስሄድ የምታይሽ ይመስልሻል?»

«ልጅ ስላልወለድሽ የእኔን ወሰድሽ» አለች ኔሊዳ። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ልትመልሰው ፈለገች። አልተመለሰም።

ሶሌዳድ ሸሚዙን አሰጣች፣ እጥፋቱን በመዳፏ አቃናች። «እሺ፣ ስንመለስ እወጣለሁ። ንገሪያት ግን አንቺ። የእኔ አፍ አይችልም።»

የዚያን ቀን ካባግ ዋሻ ገቡ።

ካባግ ዋሻ ከተራራ ሥር ወንዝ የሚወጣበት ነው። ሰዉ በቀጫጭን ጀልባ ሆኖ ወንዙን ወደ ውስጥ ይቀዝፋል፣ አይቶ አይቶ ይመለሳል። ባህሩ ዳር ፀሐይ ነበር፤ ውሃውም አረንጓዴና ጥርት ያለ። ከተራራው ጀርባ ከሌሊቱ ጀምሮ ምን ያህል ዝናብ እንደወረደ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ግንባሩ ላይ መብራት ያለው ሄልሜት አጠለቁ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አሰሩ። አርኔልና ዴክስተር ከሌላ ቀዛፊ ጋር በፊተኛው ጀልባ ሄዱ። በኋለኛው ኔሊዳ ከፊት፣ አይሳ ከመሃል፣ ሶሌዳድ ከኋላ፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ቴሮ የሚባል ጎልማሳ ቀዛፊ።

የቀን ብርሃን ከኋላቸው እንደ ሳንቲም አንሶ ጠፋ። ከግንባራቸው መብራት በቀር ሁሉም ጨለማ ሆነ። ጣሪያው አንዳንድ ቦታ እስከማይታይ ከፍ ይላል፣ አንዳንድ ቦታ ጎንበስ ያስብላል።

«እማዬ፣ ይሸታል» አለች አይሳ ወደ ኋላ ዞራ።

«የሌሊት ወፎቹ ናቸው። አፍሽን ከፍተሽ ወደ ላይ እንዳታዪ፣ ያጎርሱሻል።»

አይሳ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ቴሮ ሳቀ። ኔሊዳ ፊቷን አላዞረችም።

የፊተኛው ጀልባ መብራት ከመታጠፊያው ወዲያ ሲጠፋ ቴሮ መቅዘፊያውን ከውሃው አወጣ። በጀልባው ጎን ቅጠል አለፈ። ቀጥሎ ቅርንጫፍ። መብራቱን ወደ ታች ሲያበራ ውሃው እንደ ሻይ ጠቁሯል።

«ዝም በሉ እስቲ» አለ።

ከውስጥ በኩል ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚመስል ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ግድግዳውን ያዙ!» ብሎ ጮኸ። «ያገኛችሁትን ያዙ!»

ውሃው ጀልባውን ከጎኑ አንስቶ ከድንጋይ ጋር አላተመው። ኔሊዳ ሰመጠች፣ ወጣች፣ ሰመጠች። ጉልበቷ ድንጋይ ሲመታ በክርኗ ተንጠላጥላ ከውሃው በላይ ባለ ጠባብ የድንጋይ እርከን ላይ ወጣች። ሄልሜቷ ላይ መብራቱ እንደበራ ነው። ከታችዋ ሶሌዳድ እስከ አንገቷ ውሃ ውስጥ ሆና በአንድ እጇ የድንጋይ ጥርስ ጨብጣ በሌላው አይሳን ከፍ አድርጋ ይዛለች። ቴሮ የለም።

«ተቀበዪኝ! ኔሊ፣ ተቀበዪኝ!»

ኔሊዳ በሆዷ ተኝታ በግራ እጇ የልጅቱን ሰደርያ ከትከሻው ላይ ጨበጠች። በዚያው ቅጽበት ሶሌዳድ የጨበጠችው ድንጋይ ተነቀለ። ኔሊዳ ቀኝ እጇን ወርውራ የሶሌዳድን የእጅ አንጓ ያዘች።

እንዲህ ሆነው ቆዩ። ምን ያህል እንደቆዩ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ጠይቋታል፤ አታውቀውም። ውሃው ሶሌዳድን ጣሪያው ዝቅ ወዳለበት ጉድጓድ ይስባታል። አይሳ ግማሽ አካሏ እርከኑ ላይ፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው፤ ሰደርያው በጭንቅላቷ በኩል ሊወልቅ ወደ ላይ እየተሸራተተ ነው። «እማዬ! እማዬ!» ትላለች፤ ፊቷ ወደ ሶሌዳድ ነው።

ሶሌዳድ «ልቀቂኝ» አላለችም። ሰዎች በኋላ እንደዚያ ብላለች ብለው ሊያምኑ ፈለጉ። ሶሌዳድ ዓይኗን በኔሊዳ ዓይን ላይ ተክላ «እንዳትለቂኝ» ነው ያለችው። «ኔሊ፣ እባክሽ፣ እንዳትለቂኝ።»

ኔሊዳ ለቀቀቻት። በሁለት እጇ ልጇን አቅፋ ወደ እርከኑ ጎተተች። ወደ ውሃው ስትመለከት የሶሌዳድ መብራት ከውሃ በታች ትንሽ ራቅ ብሎ ሲበራ አየች፤ ከዚያ ያ ጉድጓድ ዋጠው።

አይሳ ነከሰቻት። ክንዷን እስኪደማ ነከሰቻት፣ ወደ ውሃው ልትገባ ታገለች። ኔሊዳ ላይዋ ላይ ተኝታ ያዘቻት። ውሃው እስከ ወገባቸው መጣ፣ እዚያ ቆመ፣ ቀስ ብሎም ጎደለ። ልጅቱ ከብዙ ሰዓት በኋላ መታገሏን ተወች።

ሰዎች መብራትና ገመድ ይዘው ሲደርሱ ውጭው አሁንም ፀሐይ ነበር። አርኔልና ዴክስተር ከቀዛፊያቸው ጋር ውስጥ ባለው ሰፊ አዳራሽ የድንጋይ ክምር ላይ ወጥተው ተርፈዋል። ቴሮም ትከሻው ተሰብሮ ዋሻው አፍ አጠገብ ተገኘ። አርኔል ሚስቱንና ልጁን አቅፎ ሲያበቃ ዙሪያውን ተመለከተ።

«እትዬስ?» አለ።

ሶሌዳድን ከቀናት ፍለጋ በኋላ ዓሣ አጥማጆች ወንዙ ባህር በሚገባበት ረግረግ፣ የዛፎች ሥር መሃል አገኟት። ሰደርያዋ እንደታሰረ ነበር።

ሬሳውን ኢሎኢሎ አደረሱ። እንደ አገራቸው ወግ ሳጥኑ ሳሎን ውስጥ ተቀመጠ፤ ጎረቤት መጣ፣ ከደጅ ሸራ ተወጥሮ ወንዶች ካርታ ተጫወቱ፣ ሴቶች መቁጠሪያ ይዘው ጸለዩ። የሶሌዳድና የአርኔል እናት፣ እማማ ኮንሲንግ፣ ከሳጥኑ ራስጌ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድም ጊዜ አላለቀሰችም። ከጸሎቱ በኋላ አንዲት ጎረቤት እንባዋን እየጠረገች፦

«መልአክ ነበረች። ልጅቱን አትርፋ ራሷን ሰጠች» አለች።

«አልሰጠችም» አለች አይሳ።

ከዋሻው ከወጣች ጀምሮ ስትናገር የሰማት አልነበረም። ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ማሚ ናት የለቀቀቻት። እማዬ እንዳትለቂኝ እያለቻት ለቀቀቻት።»

የአንዷ ሴትዮ መቁጠሪያ መሬት ወደቀ። አርኔል «ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው» ለማለት አፉን ከፈተ። ከዚያ የሚስቱን ፊት አየ።

«እውነቷን ነው» አለች ኔሊዳ። «ሁለቱንም ይዤ ነበር። አይሳ እያመለጠችኝ ነበር። እትዬ ሶሌን ለቀቅኳት።»

አርኔል ተነስቶ ወጣ። ከደጅ ካርታው ቆመ።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ እማማ ኮንሲንግ ወደ ቤቷ ሳትመለስ ልጆቹ ጋ ቀረች፤ አንድ ረፋድ ኔሊዳን ወደ ጓዳ ጠራቻት። አሮጊቷ ሩዝ እየለቀመች ነበር፤ ዓይኗን ከሰፌዱ አላነሳችም።

«ሁለቱንም መያዝ አትችዪም ነበር?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

«አላውቅም ምንድን ነው? እጅሽ አይደል?»

«ጣቶቼ ዝለው ነበር። ትንሽ መቆየት እችል ይሆን ነበር፣ ላልችልም እችላለሁ። የዚያን ቀን ጠዋት ተጣልተን ነበር። ክፉ ቃል ተናግሬያታለሁ። ስለቃት እሱ በልቤ ይኑር አይኑር እሱንም አላውቅም። በየቀኑ ራሴን እጠይቃለሁ።»

አሮጊቷ ጠጠር አግኝታ ወደ ደጅ ወረወረች። 

«አርኔል ወደ ኩዌት ትመለስ ይላል» አለች።

«ነግሮኛል።»

«እሱ አንቺን ማየት ስለከበደው ነው። እኔም ይከብደኛል። ከሄድሽ ግን ልጅቱ ሁለት እናት ልታጣ ነው። ከቀረሽ እኔ ያንን እጅሽን ሩዝ ሲያጥብ፣ ምግብ ሲያቀርብ በየቀኑ ማየቴ ነው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ቅሪ።»

«እማማ...»

«ይቅር ብዬሽ አይደለም። ቅሪ ነው ያልኩሽ።»

ኔሊዳ ቀረች። አሠሪዋ ብዙ ጊዜ ደወለች፣ ከዚያ ተወች። አርኔል የሌሊት ፈረቃ ጠይቆ አስመደበ፤ እሷ ስትነሳ ይተኛል፣ ስትተኛ ይወጣል። ዴክስተር ድሮ ያወራ የነበረውን ያህል አያወራም፤ አባቱም ከእንግዲህ ሰው አያስቅም። አይሳ የምትተኛው በሶሌዳድ አልጋ ላይ ነው። ኔሊዳ ማታ ማታ በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ታዳምጥና ትሄዳለች።

በሙታን ቀን ሁሉም እንደ አገሩ ሰው መቃብር ሊያጸዱ ወጡ። አርኔል ድንጋዩን በኖራ ቀባ፣ ዴክስተር ሣር ነቀለ። እማማ ኮንሲንግ ጥላ ሥር ተቀምጣ ዳቦ ታከፋፍላለች። ኔሊዳ አበባውን በያዘ ቆርቆሮ ውስጥ ውሃ ስታፈስ አይሳ አጠገቧ መጥታ ቆመች።

«ለአያቴ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። ያን ቀን ጠዋት አንቺና እማዬ በምን ነበር የተጣላችሁት?»

ኔሊዳ ማሰሮውን አስቀመጠች። ሌላ ነገር ልትላት ትችል ነበር። «በአንቺ» አለቻት። «ከቤታችን እንድትወጣ ጠይቄያት ነበር።»

«እሷስ?»

«እሺ አለችኝ። ለአንቺ መንገር ግን አልችልም አለች።»

ልጅቱ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ቆርቆሮውን በሁለት እጇ አንስታ ውሃው እንዳይፈስ ቀስ እያለች ወደ መቃብሩ ወሰደችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አይሳ ኔሊዳን «ማሚ» ብላ አትጠራትም፤ «እማዬ»ም አላለቻትም። በስም መጥራቱን ጭራሽ ተወችው። ርቧት፣ ወይ ራሷን አሟት፣ ወይ የቤት ሥራዋ ከብዷት ስትፈልጋት፣ መጥታ አጠገቧ ዝም ብላ ትቆማለች። ኔሊዳም የያዘችውን ሥራ ትታ ወደ እሷ ትዞራለች።