ቁጥር 212

«ያ ቁጥር የተመታበት ትልቁ ዛፍ የማን ነው?» አሉ ሊዮንሲዮ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ እንደቆሙ።

ጃንዲራ ካደረቀቻቸው ቅጠሎች ላይ ቀና አለች። ከባሕሩ በላይ ባለው ተራራ ዛፍ ስትለካ ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ታንኳ ጠራቢው ሽማግሌ ግን ስለ ሥራዋ ጠይቀዋት አያውቁም። ደስ አላት።

«የኛ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው።»

«እንግዲያው መልካም።» ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ።

ነገሩ የገባት ከሦስት ቀን በኋላ ዓሣ ልትገዛ ስትሄድ ነው። የሊዮንሲዮ ሚስት ዶና ዙልሚራ የዓሣውን ቅርፊት እየፋቁ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋት።

«ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲሽ ታንኳ ምን ያደርግለታል? ከተማው ውስጥ ባሕር አስገቡ እንዴ?»

«የምን ታንኳ?»

«የምን ታንኳ ትለኛለች! ባሌ ያን የጉዋፑሩቩ ዛፍ ሃያ ዓመት ሲጠብቅ ኖሮ፣ አንቺ ቀድመሽ ምልክት አደረግሽበት።»

በዚያ ዳርቻ ለታንኳ የሚሆን ዛፍ ያገኘ ሰው ግንዱን በገጀራ ጫር ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ባለምልክቱ አሥር ዓመት ቢዘገይ እንኳ ሌላ ሰው አይነካውም። ሊዮንሲዮ ዛፉን ሳይጭሩት የቆዩት የሚሻማቸው ጠራቢ ስላልቀረ ነው። አሮጌ ታንኳቸው ውኃ ታስገባለች። ሁለት ዓመት ደጅ ጠንተው ያገኙት የአንድ ዛፍ ፈቃድ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ጨረቃ ሳትጎድል የተቆረጠ እንጨት ደግሞ ይነቅዛል፤ አሁን እየጎደለች ነው፤ ጎድላ እስክታልቅ የቀሩት አምስት ቀናት ናቸው።

ጃንዲራ ዓሣውን ትታ ወደ ባሕሩ ወረደች። ሽማግሌው የታንኳቸውን ስንጥቅ ይደፍናሉ።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ለቆጠራ ብቻ ነው። ይቁረጡት።»

«የሰው ምልክት ያለበት ዛፍ ነክቼ አላውቅም። በስተርጅና ልጀምር?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ያደረገው ሰው በገዛ እጁ ያነሣዋል። ከፈለገ ነው እንግዲህ።»

ደብተሯን አውጥታ የዛፉን ቁጥር ፈለገች። 212 ከለካቻቸው ዛፎች ሁሉ ወፍራሙ ነው፤ እሱ ከወጣ የሦስት ዓመት ስሌቷ ይጎድላል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ተራራው አብረው ወጡ። ዛፉ ሥር ሲደርሱ ሊዮንሲዮ የረገፈውን ቅጠል በእግራቸው ገለጥ አደረጉት። አፈሩ ጥቁር ነው፤ የከሰል ስብርባሪ አለበት።

«እናቴ ካሳቫ የምትተክለው እዚህ ነበር። መኪና መንገዱ የመጣ ዓመት ተውነው።»

ይህ ዛፍ ፀሐይ ያላገኘው መሬት ላይ እንደማይበቅል ጃንዲራ ታውቃለች፤ ስለዚሁ ተፈትናለች። ደኑን መንጥሮ ፀሐዩን ማን እንዳስገባው ግን ጠይቃ አታውቅም።

«ያኛውስ?» አለች ወደ ቁልቁለቱ እያመለከተች።

«የአጎቴ የቫልዶሚሮ ማሳ።»

«ከዚያ ወዲያ ያለው?»

«ከሰል ያከስሉበት ነበር። ያኔ እዚህ ሁሉ ጭስ ነው። አሁን እንግዳ ይመጣና አየራችሁ እንዴት ንጹሕ ነው ይለኛል፤ ሲያስነጥሰን የኖርነው እኛ!»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። በደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በራሷ እጅ፣ «ሰው ያልነካው ደን» የሚል ጽሑፍ አለ። አውጥታ ሰረዘችው። በምትኩ ምን እንደምትጽፍ ስላላወቀች ቦታውን ባዶ ተወችው።

ፒንሳዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ቁጥሩ የተመታበትን ሚስማር ልጡ ውጦት ስለነበር ብዙ ታገላት። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ጠበቁ። ሚስማሩ ሲወጣ ዞረው ቀዳዳውን በጣታቸው ነኩት፤ በማግስቱ የሚቆርጡት ዛፍ መሆኑን እያወቁ ገጀራቸውን መዘው ልጡን ጫር አደረጉት።

ዛፉ ሐሙስ ጠዋት ተቆረጠ። እዚያው ተራራው ላይ የተጠረበችውን ታንኳ ሠላሳ አንድ ሰው በገመድ እየጎተተ በሁለት ቀን ባሕሩ ዳር አደረሳት፤ ጃንዲራ የገመዱ ጫፍ ላይ ነበረች። ጥናቷ በሁለት መቶ አሥራ አንድ ዛፎች ተጠናቀቀ።