እትዬ ያለምወርቅ የሂሳብ ባለሙያ ሲፈልጉ

እትዬ ያለምወርቅ ሰበታ ላይ አራት ሱቅ፣ ቡራዩ ላይ ደግሞ ስምንት ክፍል ያለው ግቢ ያከራያሉ። ሁሉንም በጨርቅ ንግድ ጥረው ግረው ያፈሩት ነው። ቤት መርጦ በመግዛትና በማሳደስ የሚያህላቸው የለም፤ ወረቀት ላይ ሲደርሱ ግን እንቅልፋቸው ይመጣል። ሱሉልታ ላይ ሌላ ቤት ለመግዛት ብድር ቢጠይቁ ባንኩ "የሁለት ዓመት የሂሳብ መግለጫ ያምጡ" አላቸው። ፍለጋው የተጀመረው ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ነበር። ገና ወረቀቶቹን ሳይገልጥ፣ "ትርፉ ስንት ሆኖ እንዲታይልዎ ይፈልጋሉ?" አላቸው።

"የሆነውን ያህል ነዋ!" አሉት ደንግጠው። ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ሸኙት።

ሁለተኛው ወረቀቱን በሙሉ በፌስታል ይዞ ሄደና ስልኩን ዘጋ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፌስታሉን በሰው ሲልክላቸው የቡራዩው ግቢ ወረቀት አንድም የለበትም።

ጭንቅ ሲይዛቸው ፌኔት ትዝ አለቻቸው። ፌኔት የቡራዩው ግቢ ተከራይ ናት፤ በየወሩ "ደረሰኝ ይስጡኝ" እያለች ስለምትነዘንዛቸው ብዙም አይወዷትም ነበር። እልሃቸውን ዋጥ አድርገው ቅዳሜ ረፋድ በሯን አንኳኩ።

"ልጄ፣ የሰጠሁሽ ደረሰኝ ሁሉ አለ?"

"አለ እንጂ፤ ይግቡ እትዬ።" ከቁም ሣጥኗ ወፍራም ክላሰር አወጣች። የሷ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቶቿም ደረሰኝ፣ የጣሪያው ጥገና፣ የቧንቧ ሠራተኛው ክፍያ፣ ሁሉም በየወሩ ተሰድሯል።

"ይሄን ሁሉ ማን አስያዘሽ?"

"ጎረቤቶቼ የኛንም ያዢልን ይሉኛል። ሠራተኞቹም እርስዎን ሲያጡ ለኔ ነው የሚሰጡኝ። መጣል አልችልም፤ ሥራዬ ነው። አበባ እርሻ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ።"

እትዬ ያለምወርቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ቦሌ ድረስ ያላንኳኳሁት በር የለም እኮ! አንቺ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ቁጭ ብለሽ!"

ፌኔትም ቅዳሜና እሁድ ልትሠራላቸው ተስማማች። መዝገቡን እሷ ታሰናዳለች፣ ፈቃድ ያለው ኦዲተር ይመረምረዋል።

"ግን ያለውን እንዳለ ነው የምጽፈው" አለች። "ኪራዬንም እንደ ወትሮው እከፍላለሁ፤ ከደሞዜ ጋር አይቀላቀልብኝም። ቤት ሲገዙ ደግሞ ከመፈረምዎ በፊት ይንገሩኝ።"

ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር እትዬ ያለምወርቅን ቅር አሰኝታቸው ነበር። ሱሉልታ ሄደው ልባቸው የወደደውን ባለ ፎቅ ሲያሳዩዋት ፌኔት ደብተሯን አውጥታ አንድ ገጽ ሞነጫጨረች።

"ይሄ ሁለት ወር ባዶ ቢቀመጥ የባንኩን ዕዳ የሚከፍሉት ከሰበታዎቹ ሱቆች ኪራይ ነው። ያ ከኋላው የሚሸጠው ትንሹ ቤት ግን ዕዳውን በራሱ ኪራይ ይችላል። ሂሳቡን ይዩት።"

አዩት። ቁጥር ሲባል ዓይናቸው የሚከደነው ሴትዮ መስመር በመስመር ገባቸው። ደስ ብሏቸው ገጿን ራሳቸው ደግመው ለፌኔት አስረዷት!

ባንኩ ብድሩን ፈቀደ፤ ትንሹም ቤት ተገዛ። በወሩ አራት ሯጭ ልጃገረዶች ተከራዩት። የገቡ ዕለት ጠዋት እትዬ ያለምወርቅ በር ላይ ቆመው "አካም ቡልተን! እንዴት አደራችሁ!" እያሉ ተቀበሏቸው። ልጆቹ ፍራሽ ከሚኒባሱ ጣሪያ ሲያወርዱ አላስቻላቸውም፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው አንዱን ጫፍ ያዙ።

"እትዬ፣ ወገብዎን!" ጮኸች ፌኔት።

"ዝም ብለሽ በዚያ በኩል አንሺ!" አሏት፤ ሁለቱም እየሳቁ ፍራሹን ይዘው ገቡ።