ለብርድ አገር የተሠራች መኪና

«ውሃው ፈልቶበት ነው» አለ ጓድ ፈንታሁን፣ ዳሱ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጦ። «እንፋሎቱ ዓይኑን ሲጋርደው ጊዜ መንገዱን ስቶ ገደል ገባ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።»

ሳፊያ የንፍሮውን ትሪ እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቀረች። ሟቹ ኑርሁሴን ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። ከቀበሩት ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ፈንታሁን መቃብሩ ላይም ይህንኑ ብሎ ነበር፤ ሰውም እየተቀበለው መጥቷል። ከኋላዋ አንዲት ለቀስተኛ ስታንሾካሹክ ሰማቻት።

«የገዛ እጁ ሥራ በላው በሉኛ! መካኒክ ነኝ ሲል...»

ይህችን መዋጥ አቃታት። ሞቱን አላህ ጻፈው፤ ለሱ አንገቷን ደፍታለች። የልጁን ሥራ በሐሰት ስም ያጠፋው ግን አላህ አይደለም፣ ፈንታሁን ነው።

መኪናይቱ የእንግሊዝ አገር ናት። ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ለእሽቅድድም የተሠራች። ድሮ አንድ የደሴ ሰኞ ገበያ ነጋዴ ነበር ከአስመራ ያመጣት። ኋላ ተወረሰችና የቀበሌው ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት ከርማ፣ ፈንታሁን «የአብዮት በዓል ሰልፍ ላይ በሷ ነው የምገባው» አለ። እምቢ አይባል። ኑርሁሴን ኮምቦልቻ ጋራዡ ድረስ አስጎትቶ ወሰዳት። ሞተሯንም አስነሣው። ወደ ደሴ ሲመልሳት ግን ሐረጎ ዳገት ላይ፣ ምንጩ ጋ ስትደርስ ትፈላለች። ደግሞ ይሞክራል፤ ደግማ ትፈላለች።

አንድ ቀን ሳፊያን አሳፍሯት ነበር። ምንጩ ጋ ሲደርሱ ኮፈኑ ሥር እንደ ሽሮ ድስት ተንተከተከ። ሳፊያ አፍራ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«በቅሎ ብንከራይ ይሻለን ነበር!»

«ትንሽ ትቀዝቅዝ፣ እታለም። የውሃውን ክዳን አሁን ብከፍተው ፊቴን ይልጠዋል።»

«ለፈንታሁን ብለህ ነው እንዲህ የምትለፋው?»

«ለሱማ ምን በወጣኝ! ለሷ ነው።» ትኩሱን ኮፈን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «የተሠራችው ለብርድ አገር ነው። አፍንጫዋ ጠባብ፣ ራዲያተሯ ስስ። ዳገት ሲመጣ ትታፈናለች። የታፈነ ነገር ማየት አልችልም እኔ።»

መንገድ ዳር የበቆሎ እሸት የምትጠብሰው መርየም ከእሳቷ ቀና ብላ ሳቀች።

«እረ ተዋት ኑሬ፣ አታድናት! እሷ ስትፈላ አይደል የኔ በቆሎ የሚሸጠው!»

ከዚያ ወዲያ ኑርሁሴን ሌላ ወሬ አልነበረውም። ከተገለበጠ የጭነት መኪና ወፍራም ራዲያተር ፈታ፤ በመጋዝ አሳጥሮ፣ ጎንና ጎኑን በየደው። በርሜል ውስጥ ነክሮ አረፋ ይወጣው እንደሆን እያየ ደግሞ በየደው። ባለ አራት ክንፉን ማራገቢያ በባለ ስድስት ለወጠ። የመኪናይቱን አፍንጫ ሥሩን ቀዶ ነፋስ መግቢያ አበጀላት። ሳፊያ «ልጁ አበደ» ትል ነበር። የሞተ ዕለት ጧት «ዛሬ ሐረጎን ሳልቆም እወጣዋለሁ» ብሏት ነው የወጣው።

ትሪውን አስቀምጣ ወደ ሴቶቹ ክፍል ስትገባ መርየም ጥግ ላይ ኩርምት ብላ አገኘቻት። በእግሯ ነው የመጣችው፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርቋል። ሳፊያን ስታይ እጇን ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻትና ጆሮዋ ሥር ገባች።

«አልፈላችም ሳፊዬ። ወላሂ አልፈላችም።»

«ምን አልሽ?»

«እኔ ጋ አልቆመም። ጭስ የለ፣ እንፋሎት የለ፤ ሽው ብሎ አለፈኝ። እየሳቀ! ‹መርየም፣ ዛሬ በቆሎሽ ይረር!› ብሎኝ አለፈ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ኩርባውን ከመዞሩ አንድ የወታደር ካሚዮን ከላይ መጣ። የኑሬን መስመር ይዞ፣ እየበረረ። ገፍቶ ጣለው። እንደ ወትሮው ውሃ ሊሞላ ቆሞ ቢሆን ኖሮኮ... ካሚዮኑ ባዶ መንገድ ነበር የሚያልፈው።»

ሳፊያ ወንድሟ ‹ሐረጎን ወጣሁት› ብሎ ሲስቅ ታያት። የመርየምን ክንድ ጨበጠች።

«ነይ፣ ይህንን ለወንዶቹ ንገሪልኝ።»

«አላህን ፍሪ! አምስት ልጅ አለኝ። የወታደር መኪና ነው ብዬ? ነገ ማን ያገኘኛል?» መርየም እጇን አስለቀቀች። «ላንቺ እንጂ ለማንም ብዬ አልመጣሁ።»

ዱዓው ተደርጎ ምሳ ሲቀርብ፣ ሳፊያ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ ወንዶቹን ልታስታጥብ ወጣች። ሌላ ሰው ላስታጥብ ቢላት አልሰጠችም። ፈንታሁን ጋ ስትደርስ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ሸህ እንድሪስ ዞሯል።

«ጎበዝ ልጅ ነበር። ያቺ መኪና ግን ካቅሙ በላይ ሆነችበት። ፈላችበት።»

«አልፈላችም» አለች ሳፊያ።

ፈንታሁን በዝግታ ቀና ብሎ አያት።

«ማን አየ?»

ሸህ እንድሪስ በዓይናቸው ለመኗት። ከኋላ በር ላይ መርየም ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ቆማለች። ሳፊያ በዕድሜዋ ከአፏ የወጣ ቃል መልሳ አታውቅም፤ ባሏን እንኳ የፈታችው በዚሁ ነው። ዓይኗን ከበሩ ላይ መለሰች።

«ማን አየ ነው የምልሽ?»

«ማንም» አለች። «ማንም አላየም።»

«እንግዲያ ኀዘን ነው የሚያናግርሽ። አላህ ያጽናሽ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

እንግዳ ነው፤ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ። ጎንበስ ብላ ቀዳችለት። ታጠበና አራገፈ፤ እሷ ግን መቅዳቷን አልተወችም። «በቃኝ» አለ። ውሃው በመዳፉ ሞልቶ ክንዱ ላይ ወረደ፣ ሳፋው ሞልቶ ጫማው ላይ ፈሰሰ። እጁን ሰበሰበ። ሳፊያ ቀና ሳትል፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ባዶው ቦታ ላይ ቀዳች።