አሥረኛው ሰው ደረጃ ላይ ነው

ራህሚን ጣቱን ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ራስ እያሻገረ ያጉተመትማል። የኛ ሰው ወንዶችን ለጸሎት ሲቆጥር አንድ ሁለት አይልም፤ ነውር ነው፣ ክፉ ዓይንም ይጠራል። አሥር ቃል ያላት አንዲት ሐረግ አለችን፤ በያንዳንዱ ራስ ላይ አንድ አንድ ቃል እየጣሉ መሄድ ነው። ቃሉና ሰዉ እኩል ካለቁ ጸሎቱ ይሞላል። ራህሚን ግን ይኸው ስድስተኛ ቀኑ፣ የመጨረሻዋ ቃል አፉ ውስጥ ትቀርበታለች።

«ያው ነው» አለ፤ ራህሚን የምኩራባችን ጠባቂ ነው። እጁንም ኪሱ ከተተ።

ምንጣፉ ላይ፣ ኮታቸውን በሐዘን ደንብ ደረታቸው ላይ ቀድደው የተቀመጡት ጋሼ ሐይም የጸሎት መጽሐፋቸውን ዘጉ። የሟቹ የዶክተር መናሼ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ የምኩራቡም አለቃ። ዶክተሩ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ካዲሽ የሚባለውን የሙታን ጸሎት የሚያደርሱላቸው እሳቸው ናቸው። ካዲሽ ደግሞ አሥር ወንድ ካልቆመ አይባልም። ሱቆቹ በመንግሥት ከተወረሱ ወዲህ የኛ ሰው ከራንጉን እየለቀቀ አልቋል፤ አንዱ ካልካታ፣ አንዱ ሲድኒ። የቀሩት ወንዶች ዘጠኝ ናቸው። እናም ከተማውን ግማሽ ያዋለዱት፣ የሌላውን ግማሽ ትኩሳት ያበረዱት ሰው ከቀብራቸው ቀን ጀምሮ አንዲት ካዲሽ አልተባለችላቸውም።

ዘጠኝ ናቸው አልኩ እንጂ፣ አሥረኛው በሩ ላይ ነበር። አሸር ይባላል፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከዚሁ ከሐዘን ቤቱ ሥር፣ ምድር ቤት ባለው የዶክተሩ ክሊኒክ መድኃኒት ቀማሚ ነው። በእነዚህ ስድስት ቀናት ጠዋት ጠዋት ክሊኒኩን ይከፍታል፣ የተጀመረ መድኃኒት ላለው ይሰጣል፣ የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ሽቅብ ይወጣና የመጨረሻው ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ አያልፍም። እናቱ በርማዊት ነበረች፤ አባቱን ስታገባ ወደ እምነታችን ገብታ፣ ሦስት ሰዎች ቆመውላት ሐይቁ ውስጥ ተነክራ፣ ሩት ተብላለች። ከሦስቱ አንዱ ዶክተር መናሼ ነበሩ። ጋሼ ሐይም ግን የምኩራቡ አለቃ እንደሆኑ፣ ባግዳድ ያሉት የእምነታችን ሊቃውንት ሳይጠየቁ የተደረገ ነገር አይጸናም ብለው ሻሩት። እናቲቱ የኛ ካልሆነች ልጇም አይቆጠርም።

የዶክተሩ ልጅ ሞዘል መስተዋቱ በነጭ ጨርቅ በተሸፈነው ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታያለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከአባቷ ጋር ሃያ ዓመት አዋላጅ ሆና ሠርታለች። አላለቀሰችም። ሰዉ ሁሉ ጠንካራ ናት ይላል፤ እሷ ግን ጠንክራ ሳይሆን ተናዳ ነው።

ሐዘን ቤቱ ሰው አጥቶ አያውቅም፤ ያጣው የሚቆጠር ሰው ነው። የመንገዱ ሰው ሁሉ መጥቷል። ቻይናዎቹ መጡ፣ ከማዶ ካለው መስጊድ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ መነኮሳቱ እንኳ ሁለት ሆነው መጥተው ዝም ብለው ተቀምጠው ሄዱ። በርማዎቹ ዶክተሩን ሳያጂ ነበር የሚሏቸው፣ ታላቁ መምህር እንደማለት። አንዱ ሙዝ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ኮኮናት። የኛዎቹ የተቀቀለ እንቁላልና ምስር ያቀርባሉ፤ በያንዳንዱ ፍሬ ላይ ለነፍሳቸው ቡራኬ ይባላል።

አራተኛው ቀን ላይ ዓሣ ነጋዴዋ ዶው ቴን የቅዳሜውን ወሬ አመጣችው። ዶክተሩ ቅዳሜ ይሠሩ ነበር፣ ሕመም ሰንበት አያውቅም እያሉ። መጻፍ ግን በሰንበት እርም ነው። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለው የመድኃኒት ማዘዣ አስቀድመው ይጽፋሉ፤ ለወባ ይህን ያህል፣ ለሳል ይህን ያህል፣ ለሆድ ትል ይህን ያህል። ቅዳሜ ለታመመው የሚስማማውን ከክምሩ መዝዘው ይሰጣሉ።

«አንድ ቅዳሜ የፖሊስ አዛዡ መጣ» አለች ዶው ቴን፣ «ልቤን አመመኝ ብሎ። ሳያጂ መነጽራቸውን ረስተው የትል መድኃኒት ማዘዣ ሰጡት።»

አዛዡ መድኃኒቱን ጠጥቶ ዳንኩ አለ፤ ለሰው ሁሉ እንዲህ ያለ የልብ ሐኪም የለም እያለ አወራ። ዶክተሩ እሁድ ጠዋት ስህተቱን እንዳወቁ በእግራቸው ጣቢያው ድረስ ሄደው፣ በወታደሮቹ ፊት፣ ተሳስቼ የትል መድኃኒት ነው የሰጠሁህ አሉት። ሰውየው ቀላ፣ ወታደሮቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ዶው ቴን ይህን የምታውቀው ያን ጊዜ ጣቢያው በር ላይ ዓሣ ትሸጥ ስለነበር ነው። ሐዘንተኛው ሁሉ ሳቀ፤ ጋሼ ሐይም ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። ሞዘል አባቷን እንደዚያ ሲያወሩላት ደረቷ በኩራት ሞላ።

በስድስተኛው ቀን፣ ራህሚን ዘጠኝ ራስ ቆጥሮ እጁን ኪሱ ከከተተ በኋላ፣ ጋሼ ሐይም ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ ነገር ተናገሩ። ከአንድ ኤምባሲ የእምነታችን ሰው የሆነ አንድ ወጣት ለምነዋል፤ ነገ ጠዋት ይመጣል። ነገ ሰባተኛውና የመጨረሻው ቀን ነው፤ ጠዋት ከጸሎት በኋላ ሐዘንተኛ ከምንጣፉ ይነሣል። በአንዲት ጠዋት እንኳ ወንድማቸው ካዲሽ አግኝተው ይሄዳሉ።

ሞዘል ቀና አለች። «አሸር እኮ አለ፣ አጎቴ።»

«ያለቀ ነገር አታንሺ ልጄ።»

አሸር ደረጃው ላይ ሆኖ ሰማ፤ ተነሥቶም ቀስ ብሎ ወረደ። የክሊኒኩን በር ሲከፍት ተሰማቸው።

ያለቀ ነገር ነው ያሉት እውነታቸውን ነው። አሸር አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ሰንበት፣ እንደ ሌላው ልጅ ወደ መጽሐፉ ይጠራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ጋሼ ሐይም ከመድረኩ ላይ ስሙን ዘለሉት። ልጁ ቆሞ ቀረ። ዶክተር መናሼ ከፊት ለፊት፣ የአባታቸው የአያታቸው ስፍራ ከነበረው ወንበር ተነሡ፤ የጸሎት ሻርባቸውን ሰብስበው መሐሉን ሁሉ አቋርጠው ኋላ ግድግዳ ሥር ልጁ አጠገብ ተቀመጡ። አሥራ ስምንት ዓመት ከዚያ አልተነሡም። ወንድማቸውን ሰላም ይላሉ፣ በዓል ሲሆን አብረው ይበላሉ፤ ፊት ወንበር ግን አንድም ቀን አልተመለሱም። ለምን ሲባሉም እዚህ ነፋሱ ደስ ይላል ነበር መልሳቸው።

ሞዘል ግን ሌላ የምታውቀው ነገር አለ።

ጃፓኖች ሲመጡ የኛ ሰው በእግሩ ወደ ህንድ ተሰደደ። ዶክተሩ፣ የታመመ ሰው ወዴት ይሰደዳል ብለው ቀሩ። ሐይምም ሊሄዱ ሲሉ ታይፎይድ ጣላቸውና ቀሩ፤ ከዚህ ሳሎን ጀርባ ባለችው ክፍል ሦስት ወር ተኙ። በጤናቸው ጊዜ ሰው ቤት ውሃ እንኳ የማይቀምሱ ሰው ነበሩ፤ ከኛ ወገን ያልሆነች ሴት ያበሰለችውን መንካት ደግሞ ጭራሽ። በዚያ ሦስት ወር የአሸር እናት ሩት ነበረች ያበሰለችላቸው። ሙቁን ታመጣለች፣ ሩዙን እየፈጨች ታመጣለች፤ ድስቱን ከኩሽናዋ እስከ አልጋው የምትሸከመው ሞዘል ነበረች፣ ያን ጊዜ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ። አጎቷ ማን እንዳበሰለው ጠይቀው፣ ሩት መሆኗን ሰምተው፣ ባርከው ሲበሉ በዓይኗ አይታለች። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀውን የፋሲካችንን ሩዝ እንኳ ባርከው ከሩት እጅ በልተዋል።

እንግዲህ የኛ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ሐይምን የሚያህል ሰው ከድስቷ ከበላ የኛ ናት ብሎ ፈርዷል፤ ከዚያ ወዲያ ባግዳድ ምን ይጠየቃል?

አሸር የተዘለለ ዕለት ሞዘል እየሮጠች ይህንኑ ለአባቷ ነገረች። ሄጄ በሰዉ ሁሉ ፊት እናገራለሁ አለች። አባቷ ስቴቶስኮፓቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ያን ጊዜ ሐይም ምኔ ነበር?» አሏት።

«ወንድምህ።»

«በሽተኛዬ ነበር። የበሽተኛ ክፍል ውስጥ ያየሽውን ከዚያ ይዘሽ አትወጪም። ለመልካም ነገርም ቢሆን።»

«አሸርስ?»

«እኔ አብሬው እቀመጣለሁ» አሉ።

ያን ቀን አባቷን ጠላቻቸው። ክርክሩን በአንድ ቃል የሚረቱበት ነገር እጃቸው ላይ እያለ ሄደው ኋላ የሚቀመጡ ሰው ምን ዓይነት ሰው ናቸው? ይህን ለመረዳት ሃያ ዓመት አብራ መሥራት ነበረባት። ስንቱ ቤት ገብታ ስንቱን ጉድ አየች፤ በማግስቱ ያችው የቤቱ ሴትዮ ገበያ ላይ ቀና ብላ ሰላም የምትላት፣ ሞዘል የመናሼ ልጅ ስለሆነች ነው።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ዘጠኙም ቀድመው መጡ። አሸር ደረጃው ላይ ነው። ከኤምባሲው የመጣው ወጣት ጫማውን አስወልውሎ ሲወጣ አሸር እግሩን ሰብስቦ አሳለፈው። ራህሚን እፎይ አለ።

ሞዘል ከምንጣፉ ተነሣች። ሐዘንተኛ እንግዳ አይቀበልም፤ እሷ ግን በሩ ላይ ሄዳ ቆመች።

«ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለፍተህ መጣህ» አለችው። «ግን የሚጎድለን ሰው የለም። ሞልተናል።»

ወጣቱ ግራ ገብቶት ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ከዚያ ፊቷን አየና ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠይቆ ወረደ።

ሳሎኑ ተንጫጫ። ምን ሆነች ያለው አለ፣ ሐዘን ነው ያለው አለ። ጋሼ ሐይም ከምንጣፉ ለመነሣት ሞክረው አቃታቸው። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ «አባትሽን የመጨረሻውን ቀን ጸሎት ነሳሽው!»

«አሥረኛው ሰው ደረጃ ላይ ነው፣ አጎቴ። ስድስት ቀን ተቀመጠ። አባቴ እሱን አስወጥቶ የሚባል ካዲሽ አይፈልግም።»

«ምክንያት ስጪኝ! አሥራ ስምንት ዓመት የቆየ ፍርድ የማፈርስበት አንድ ምክንያት!»

ምክንያቱ ምላሷ ላይ ነበር። ዘጠኝ ወንድ ጆሮውን አቁሟል፤ የበሽተኛው ክፍል በር ከጀርባቸው ነው። አንድ ቃል ብትናገር አጎቷ ያፍራሉ፣ አሸር ይገባል፣ አባቷ ካዲሻቸውን ያገኛሉ። ካልተናገረች ደግሞ አባቷን ያለ ጸሎት የሰደደች ልጅ ተብላ ትኖራለች።

«ምክንያቱን እኔ አልናገርም» አለች። «ከበሽተኛ ክፍል ያወጣሁት ነገር የለም። አላወጣምም።»

የጋሼ ሐይም ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ፤ ብዙዎቻችን አመማቸው ብለን ነበር።

«ታስታውሻለሽ» አሉ፣ በሹክሹክታ።

«አስታውሳለሁ።»

«አባትሽስ? ለማን ተናገረ?»

«ለማንም።»

«እኔ ልጁን ያባረርኩ ዕለትም?»

«ያን ዕለትም።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ራህሚንን እጅህን ስጠኝ አሉት፣ ተደግፈው ቆሙ፤ በዚያ በተቀደደ ኮታቸው ወደ ሰዉ ዞሩ።

«በጃፓን ጊዜ እዚህ ጀርባ ሦስት ወር ታምሜ እንደተኛሁ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማን አብስሎ እንዳበላኝ ግን አታውቁም። የዚህ ልጅ እናት ናት። ከማን ቤት እንደመጣ ጠይቄ፣ አውቄ፣ ባርኬ በላሁ። የኛ ባትሆን አልበላም ነበር፤ ርቦኝ ነው እንዳልል እንኳ እኔ ሐይም ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ። ከጦርነቱ በኋላ አለቃ አደረጋችሁኝ፤ በሰው እጅ የወደቅሁበትን ጊዜ ማሰብ አፈርኩ። ወንድሜ በአንድ ቃል ሊያዋርደኝ ይችል ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ኋላ ተቀምጦ ሸፈነኝ።»

ጋሼ ሐይም ወደ በሩ ተመለከቱ።

«አሸር፣ ግባ ልጄ።»

አሸር ተነሣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ራህሚን ሄዶ ክንዱን ይዞ አስገባው፤ ከዚያ ሐረጓን ከጋሼ ሐይም ጀምሮ በራሶቹ ላይ አዞራት፣ የመጨረሻዋንም ቃል አሸር ራስ ላይ አሳረፋት። ጋሼ ሐይም ለዶክተር መናሼ ካዲሽ አደረሱ። ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተሰበረ፣ ሁለት ጊዜ ቀጠሉ። በየመስመሩ አሜን ሲባል እታች ክሊኒኩ በር ላይ የተሰለፉት በሽተኞች ሽቅብ ይመለከቱ ነበር። ሞዘል መስተዋቱ ሥር ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ያላፈረችበት ልቅሶ ነበር።

ራህሚን፣ ጨርሰናል፣ ሐዘንተኞቹን እናንሣ ሲል ጋሼ ሐይም በእጃቸው ከለከሉት።

«እናትህ ስትሞት ካዲሽ ማን አለላት?» አሉ አሸርን።

«ሳያጂ።»

«አንተስ?»

«አልተፈቀደልኝም ነበር፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው የጸሎት መጽሐፋቸውን ዘረጉለት። አሸር ተቀበለው እንጂ አልገለጠውም፤ በቃሉ ያውቀው ነበር። የእናቱን ስም ጠርቶ ጀመረ። ራህሚን ለጋሼ ሐይም ዱካ አመጣላቸው፤ በእግራቸው ገፋ አደረጉት፤ አሸር እስኪጨርስ ድረስም ቆሙ።